ሥራ አስኪያጅና ሠራተኛ ሲራራቁ ከመካከል ያለው ሰው ምን ያድርግ?

ጥያቄ ከአንዲት የባንክ ባልደረባ

ጤና ይስጥልኝ። በአዲስ አበባ በሚገኝ የአንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ የደንበኞች አገልግሎት ተቆጣጣሪ ሆኜ እሠራለሁ። በሥራዬ ጠባይ ምክንያት በሁለት ወገን መካከል ቆሜአለሁ። መስኮት ላይ ተቀምጠው ደንበኛ የሚያስተናግዱት ገንዘብ ከፋዮችና ኦፊሰሮች ቅሬታቸውን መጀመሪያ የሚነግሩት ለእኔ ነው፤ በበጀት ዓመቱ መጀመሪያ የተመደቡልን ሥራ አስኪያጅም የዕለት ሥራውን የሚከታተሉት በእኔ በኩል ነው። ሥራ አስኪያጃችን ከማንም ቀድመው ገብተው ከሁሉም በኋላ የሚወጡ፣ ለደንበኛ ትሕትና የማይጎድላቸው ሰው ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው እውነት ስለሆነና ጥያቄዬም ሰውን ለመክሰስ የቀረበ እንዳይመስል ብዬ ነው።

ሆኖም ከሠራተኛው ጋር ያላቸው ግንኙነት ከወር ወደ ወር እየሻከረ ሄዷል። የተቀማጭ ገንዘብ አሰባሰቡ ከዕቅድ በታች በሆነበት ቀን የእያንዳንዱ ሠራተኛ ስም ከነአፈጻጸሙ ማታ በቅርንጫፉ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለጠፋል፤ ከዝርዝሩ ሥር የሚጻፈው ተግሣጽም ቤተሰባችን መካከል ሆነን የምናነበው ነው። ስሕተት ሲፈጠር ደንበኛ ፊት ይወቀሳል። የግማሽ ዓመቱ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ደግሞ ነጥቡ ተሞልቶ መጣና እንድንፈርም ብቻ ተጠየቅን፤ ለምን ይህን ነጥብ እንዳገኘ የተነገረው ሠራተኛ የለም፤ የደመወዝ እርከንና ጉርሻ ግን የሚታሰበው በዚሁ ነጥብ ነው። የተቀማጭ ዕቅዱ ለሁሉም እኩል ስለተከፋፈለ፣ ቀኑን ሙሉ ከመስኮቱ የማይነሣው ገንዘብ ከፋይ ውጭ ወጥቶ ደንበኛ ከሚያነጋግረው ኦፊሰር ጋር አንድ ዓይነት ቁጥር ይጠበቅበታል።

ሠራተኛው በስብሰባ ላይ ዝም ይላል፤ በሻይ ሰዓት ግን ሌላ ወሬ የለም። ዝውውር የጠየቁ አሉ። ሥራ አስኪያጁም ዝምታውን ስንፍና ወይም ንቀት አድርገው እንደሚወስዱት ከንግግራቸው ይሰማኛል። ይህን ጉዳይ አድመኛ ሳልባል፣ ባልደረቦቼንም አሳልፌ ሳልሰጥ እንዴት ላነሣላቸው እችላለሁ? በጽሑፍ ይሻላል ወይስ በቃል? ወይስ በቀጥታ ቅርንጫፎችን ወደሚመራው የባንኩ ጽሕፈት ቤት፣ ወደ ዲስትሪክት መሄድ ይገባል? በእኛ በሠራተኞች በኩል መስተካከል ያለበት ካለም ሳትሸሽጉ ብትነግሩኝ እወዳለሁ።

መልስ፤ በሰው ኃይል አስተዳደር ሥራ ላይ ረጅም ዘመን ከቆየ ሰው

እኅቴ፣ ጥያቄሽን ያቀረብሽበት መንገድ ራሱ ግማሹን መልስ ይዟል፤ ምክንያቱም የሰውየውን በጎ ጎን ያየ ሰው ነቀፌታውንም ሊያሰማ ይችላል። እኔ መናገር የምፈልገው በዋናነት ስለ ምዘናው ነው። የቴሌግራሙም ሆነ የደንበኛ ፊት ወቀሳው ጉዳይ ከእሱ የሚመነጭ ይመስለኛል። በአንድ ቅርንጫፍ ውስጥ ሥራ አስኪያጅና ሠራተኛ ስለ ሥራው በተረጋጋ ሁኔታ የሚነጋገሩበት የታወቀ ጊዜ ከሌለ፣ ንግግሩ ወይ በቁጣ ሰዓት በሰው ፊት ይፈነዳል፣ ወይ ማታ በስልክ ይጻፋል፣ ወይም በዓመት ሁለት ጊዜ በነጥብ መልክ ይመጣል። ሦስቱም ለሠራተኛው እንደ ቅጣት እንጂ እንደ ምክር አይሰሙም።

ሠራተኛው በስብሰባ ላይ ዝም የሚልበትን ምክንያትም በቀላሉ ማለፍ አይገባም። በደርግ ዘመን በየመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ነበር፤ ከ1983 በኋላም ግምገማ እንዲሁም ሂስና ግለ ሂስ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የዘወትር ሥርዓት ሆነው ቆይተዋል። በእነዚህ መድረኮች ላይ የተናገረው ቃል ተመዝግቦ ውሎ አድሮ ዕድገት ሲያስከለክለው ያየ ሰው፣ ልጁን ወደ ሥራ ሲልክ የሚመክረው አንገቱን ደፍቶ እንዲሠራ ነው። የግል ባንኮች የዚያ ሥርዓት አካል ባይሆኑም ሠራተኞቻቸውም አለቆቻቸውም ያደጉት በዚያው አየር ውስጥ ነው። ስለዚህ ሥራ አስኪያጃችሁ በስብሰባ ላይ «አስተያየት ያለው ይናገር» ቢሉ የሚያገኙት ዝምታ የንቀት ሳይሆን የጥንቃቄ ዝምታ ነው። ይህን ቢረዱት ነገሩን በሌላ ዓይን ያዩታል ብዬ አምናለሁ።

የምመክርሽ፣ መጀመሪያ ስለ ራስሽ ምዘና ብቻ ለመነጋገር ጊዜ እንዲሰጡሽ እንድትጠይቂያቸው ነው። ቀኑ የወር መጨረሻ፣ የደመወዝ ሰሞን ወይም የዲስትሪክት ሪፖርት የሚላክበት ዕለት እንዳይሆን፤ ከሥራ ሰዓት በኋላ ሒሳብ ተመሳክሮ ካዝና ከተቆለፈ በኋላም እንዳይሆን፣ ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ደክሟል። ስትገቢም «ለሚቀጥለው ግማሽ ዓመት ነጥቤን ለማሻሻል ምን ማድረግ እንዳለብኝ ለማወቅ ፈልጌ ነው» ብለሽ ጀምሪ። ይህን አባባል የትኛውም ሥራ አስኪያጅ እንደ አመፅ ሊወስደው አይችልም። ምላሻቸውን በማስታወሻ ያዢ፤ የተናገሩትን መልሰሽ በራስሽ ቃል አሰሚያቸው፤ ከዚያም እንዲህ ያለ ውይይት በየወሩ ለአጭር ጊዜ ቢደረግ ለአንቺም ለሌሎቹም እንደሚጠቅም አቅርቢ። ከአንቺ ጋር ያለው ንግግር ሠላማዊ ሆኖ ካለቀ በሌላው ሠራተኛ ላይ ለመድገም አይቸገሩም።

በደንበኛ ፊት ስለሚደርሰው ወቀሳ ሕጉ የሚለውን ማወቅሽ አይከፋም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 12 የአሠሪውን ግዴታዎች ሲዘረዝር የሠራተኛውን ሰብዓዊ ክብር መጠበቅን አንዱ አድርጎ ያስቀምጣል። ይሁን እንጂ አንቀጽ ጠቅሶ ንግግር መጀመር በር ይዘጋል። ዕውቀቱን ለራስሽ እርግጠኝነት ያዢው፤ ለእሳቸው የምታቀርቢው ግን ደንበኛ ፊት የተወቀሰ ገንዘብ ከፋይ እጁ እየተንቀጠቀጠ የሚቆጥረው ገንዘብ ለጉድለት የተጋለጠ መሆኑን ነው። ይህ ለባንኩም ኪሳራ ስለሆነ ይሰሙሻል።

በጽሑፍ ወይስ በቃል ላልሽው፣ የመጀመሪያው ውይይት በቃል ይሁን፤ ካለቀ በኋላ ግን የተስማማችሁበትን በአጭር የኢሜይል መልእክት አመስግነሽ ላኪላቸው። የተጻፈ ስምምነት ሁለታችሁንም ያግዛል።

መልስ፤ ከአንድ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ

ከላይ የተሰጠው ምክር በብዙው ትክክል ነው፤ በኢሜይሉ ላይ ግን አልስማማም። በባንክ ውስጥ ከበታች ወደ በላይ የተጻፈ ነገር ሁሉ ነገ ኦዲተር ወይም ዲስትሪክት የሚያየው ሰነድ ተደርጎ ይታሰባል። ከመጀመሪያው ውይይት ማግሥት የተስማማንበት ተጽፎ ቢደርሰኝ፣ ላኪዋ በቅንነት ብታደርገውም፣ ማስረጃ እየተሰበሰበብኝ ነው ብዬ መጠራጠሬ አይቀርም። መተማመኑ ጥቂት እስኪያድግ ድረስ ቃል ይበቃል።

በእኔ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ከየት በኩል እንደሚገፋ ላስረዳ፤ ማወቁ ለጠያቂዋ ይጠቅማታል። ሠራተኞቻችሁ የሚያዩት የቅርንጫፉን ግሩፕ ነው፤ የሥራ አስኪያጆችም ግሩፕ አለ፣ እዚያም የቅርንጫፎች ደረጃ ከላይ እስከ ታች ተዘርዝሮ ማታ ይለጠፋል። ብሔራዊ ባንክ በ2013 የባንኮችን ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ካሳደገ፣ በታኅሣሥ 2017 ደግሞ የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው አዋጅ ከጸደቀ ወዲህ፣ በየባንኩ የተቀማጭ ዕቅድ ክብደት ጨምሯል። ዕቅዱን የሚያወጣው ዋናው መሥሪያ ቤት ነው፤ ዲስትሪክት ያከፋፍለዋል፤ ሥራ አስኪያጁ ይቀንስልኝ ብሎ የሚከራከርበት ዕድል ጠባብ ነው። በዚህ ላይ፣ የመቅጠር፣ የማዛወር ወይም የማሰናበት ሥልጣን ያለው ሰው በአዋጅ 1156 አተረጓጎም የሥራ መሪ ተብሎ ሊመደብ ስለሚችል፣ ለሠራተኛው ዋስትና የሚሆነው አዋጅ እሱን አይመለከተውም፤ ጉዳዩ የሚታየው በ1952 በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሥራ አስኪያጅ ከሠራተኛው ይልቅ በቀላሉ ሊነሣ እንደሚችል እያወቀ ነው የሚያድረው። ይህ በሰው ፊት መውቀስን ትክክል አያደርገውም። ማታ ማታ የሚለጠፈው ዝርዝር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጥላቻ ሳይሆን ከላይ የመጣን ፍርሃት ወደ ታች ከማውረድ የሚመጣ ነው።

እኔ ከሠራተኞቼ አጥብቄ የምሻው ክፉ ዜና በጊዜ እንዲደርሰኝ ነው። ትልቅ ገንዘብ ያስቀመጠ ነጋዴ ሒሳቡን ሊያወጣ እንደሆነ መስኮት ላይ ያለው ልጅ ከሳምንት በፊት ሰምቶ ሊሆን ይችላል፤ እኔ የምሰማው ቼኩ ሲቀርብ ከሆነ ግን ደንበኛውን ሄጄ የማነጋግርበት ጊዜ አልፏል። ዕቅድ ሲሰጠው በስብሰባ ላይ «እሺ» ብሎ ወጥቶ በወሩ መጨረሻ «መጀመሪያውንም አይቻልም ነበር» የሚለኝ ሠራተኛም ሁለታችንንም ጎድቷል። ያልተቻለውን በመጀመሪያው ሳምንት፣ ብቻችንን ሆነን፣ ከነምክንያቱ የሚነግረኝን ሰው አከብረዋለሁ። በሠራተኛ በኩል ምን ይስተካከል ላልሽው የእኔ መልስ ይህ ነው።

ስለ ዕቅዱ ክፍፍል ደግሞ ቅሬታ ይዘሽ አትግቢ፤ ሐሳብ ይዘሽ ግቢ። የቅርንጫፉ ጠቅላላ ቁጥር ሳይነካ፣ ገንዘብ ከፋዮች በስሕተት ማነስ፣ በወረፋ ፍጥነትና መስኮት ላይ በሚመዘግቧቸው የሞባይል ባንኪንግ ተጠቃሚዎች ብዛት ቢለኩ፣ አዲስ ተቀማጭ የማምጣቱ ድርሻ ደግሞ ወጥተው ደንበኛ ለሚጎበኙት ኦፊሰሮች ቢያመዝን ምን ውጤት እንደሚመጣ ያለፉትን ወራት ቁጥር ይዘሽ አሳዪያቸው። ኦፊሰሮቹ በየትኛው ቀን ወደ የትኛው ሰፈር፣ ወደ የትኛው የንግድ ማዕከል እንደሚወጡ የጉብኝት ፕሮግራም ጨምሪበት። አለቃዬ ለሆነው ለዲስትሪክት ልመልስበት የምችለውን ነገር በወረቀት ያዘጋጀልኝን ተቆጣጣሪ ሐሳብ ሳልቀበል የቀረሁበትን ጊዜ አላስታውስም።

ወደ ዲስትሪክት በቀጥታ መሄድን በተመለከተ፣ ገንዘብ የማጉደል፣ የማጭበርበር ወይም የፆታዊ ትንኮሳ ጉዳይ ቢሆን አንድ ቀን አትዘግዪ እል ነበር። የአነጋገርና የአሠራር ጉዳይ ከሆነ ግን ሰውየውን ሳያነጋግሩ አልፎ መሄድ በኋላ የሚጠገን አይደለም።

መልስ፤ በመሠረታዊ የሠራተኛ ማኅበር አመራርነት ከሚያገለግል

የሁለቱንም ወገን ምክር አክብሬ አንድ ነገር ላይ ላስጠነቅቅ እፈልጋለሁ። ጉዳዩን ሁሉ የአነጋገር ጉዳይ አድርገን ካየነው በሥሩ ያለው የመብት ጥያቄ ተሸፍኖ ይቀራል፤ መብቱ የተሸፈነበት ሠራተኛ ደግሞ አለቃው ምንም ያህል በለሰለሰ ቃል ቢያነጋግረው አያምነውም።

በባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ ግንኙነትን ከሚያበላሹት ነገሮች ሁለቱ በጥያቄው ላይ አልተነሡም፤ በእናንተም ዘንድ እንዳሉ ግን እገምታለሁ። አንደኛው የሥራ ሰዓት ነው። መደበኛው ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። በሰኔ ወር የበጀት ዓመቱ ሒሳብ ሲዘጋ ሠራተኛው እስከ ሌሊት ይቆያል፤ ከመደበኛው ሰዓት የሚተርፈው ጊዜ የትርፍ ሰዓት ሥራ ነው፤ በቀን ሲሠራ የመደበኛው ሰዓት ክፍያ በ1.5 ተባዝቶ፣ በሌሊት ደግሞ በ1.75 ተባዝቶ መከፈል አለበት። ማታ በቴሌግራም የሚሰጠው ሥራስ ከየት ይመደባል የሚለውም በማኅበርና በማኔጅመንት መካከል በግልጽ ሊመከርበት የሚገባ ነው። ሁለተኛው የገንዘብ ጉድለት ነው። ጉድለት ሲገኝ ከደመወዝ በዝምታ መቁረጥ አይቻልም፤ አዋጁ በአንቀጽ 59 ቅነሳ የሚፈቅደው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚቀነሰውም ከወር ደመወዙ ከሦስት አንድ እጅ አይበልጥም። ይህን አውቆ በሥርዓቱ የሚሄድ ሥራ አስኪያጅ ጉድለት በተገኘበት ቀን እንኳ ከገንዘብ ከፋዩ ጋር ሳይቀያየም ይቀራል፤ ሠራተኛው የሚጠብቀውን ያውቃላና።

ማኅበራችሁና ባንኩ የተፈራረሙትን የኅብረት ስምምነት አውጥታችሁ አንብቡት። አብዛኛዎቹ የቅሬታ አቀራረብ ሥርዓት አላቸው፤ ቅሬታው መጀመሪያ ለቅርብ ኃላፊ በምን ያህል ጊዜ ውስጥ እንደሚቀርብ፣ መልስ ካልተገኘ ወዴት እንደሚሄድ ይዘረዝራሉ። የምዘናውም ውጤት ከሠራተኛው ጋር ውይይት ተደርጎበት እንዲፈረም የሚል አንቀጽ ካለ፣ ጥያቄው የአንቺ የግል ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ የማኅበሩ ይሆናል። የሁሉንም ሠራተኛ ጉዳይ አንዲት ተቆጣጣሪ ብቻዋን ተሸክማ መግባት የለባትም። ለራስሽ ስለ ራስሽ ተናገሪ፤ የጋራው በተወካይ ይቅረብ።

መልስ፤ ከአንድ የፋብሪካ ፈረቃ ኃላፊ

እኔ የምሠራው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስለሆነ የባንኩን ሥራ አላውቀውም። ካይዘን የተባለው የጃፓኖች የሥራ ማሻሻያ ዘዴ ወደ አገራችን ሲገባ በጃፓን ድጋፍ በ30 ድርጅቶች ላይ ተሞክሮ፣ በ2004 ኢንስቲትዩት ተቋቁሞለት ሲስፋፋ ወደ እኛም ደረሰ። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ የተባሉትን አምስቱን ማዎች ነው፤ የፈረቃችንን ጠባይ የለወጠው ግን ጠዋት ጠዋት ማሽን ከመነሣቱ በፊት ቆመን የምናደርገው አጭር ስብሰባ ነው። በሰሌዳው ላይ የሚጻፈው የተበላሸው ሥራና የተበላሸበት ቦታ ነው፤ የሠራተኛ ስም አይጻፍም። ኃላፊው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ትናንት ሥራችሁን ምን አስተጓጎለ?» ብሎ ነው፤ ከተነሡት ችግሮች አንዱን በዚያው ቀን ያስፈታል። ክር በጊዜ ከመጋዘን አለመውጣቱ፣ መብራት መቆራረጡ፣ መቀስ መጥፋቱ ሊሆን ይችላል። ሠራተኛው የተናገረው ነገር ሲፈታ ካየ በሦስተኛው ቀን ዝም አይልም። በቅርንጫፋችሁም በር ከመከፈቱ በፊት ይህን ማድረግ የሚቻል ይመስለኛል፤ ሲስተም መቆራረጡን፣ የገንዘብ መቁጠሪያ ማሽን መበላሸቱን፣ የብር ኖት እጥረቱን እዚያ ብታነሡት ማታ የሚለጠፈው ዝርዝር ራሱ ሊቀር ይችላል።

ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ኅብረት ስምምነቱን አውጥቼ አነበብኩት፤ የምዘና ውጤት ለሠራተኛው ተገልጾለት አስተያየቱን የሚያሰፍርበት ቦታ እንዳለው በግልጽ ተጽፏል። ቅጹ ላይም ቦታው አለ፤ ሁላችንም ባዶውን ትተን ፈርመናል። የዕቅድ ክፍፍሉን ሐሳብ ከነቁጥሩ እያዘጋጀሁ ነው፤ የጠዋቱንም ስብሰባ አብሬ ላቀርበው አስቤአለሁ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ስለ ራሴ ምዘና ላነጋግራቸው ገብቼ እሳቸው «ሌሎቹስ ስለ እኔ ምን ይላሉ?» ብለው ቢጠይቁኝ ምን ልመልስ? ብነግራቸው ባልደረቦቼን መክዳት ይሆንብኛል፤ ምንም አይሉም ብል ደግሞ ውሸት ነው።

መልስ፤ ቀደም ሲል ከመለሰው የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ

ጥያቄው መምጣቱ አይቀርም፤ እኔም ብሆን እጠይቅሽ ነበር። «የሰው ቃል ይዤ ብመጣ እርስዎም ነገ አያምኑኝም፤ እኔ ራሴ ያየሁትን ግን ልነግርዎት እችላለሁ» በያቸው። ከዚያም ያየሽውን አንድ ነገር ብቻ፣ ቀኑንና የተፈጠረውን የሥራ ችግር ጨምረሽ ንገሪያቸው፤ ለምሳሌ ወቀሳው ከደረሰ በኋላ መስኮቱ ስንት ደቂቃ ተዘግቶ እንደቆየና ወረፋው ምን እንደሆነ። ስም አትጥሪ፣ ስሜታቸውንም አትተንትኚላቸው። ከዚህ አልፈው ቢገፉሽ፣ ጠዋት ስብሰባ ላይ ራሳቸው እንዲጠይቁ ሐሳብ አቅርቢና እዚያው ላይ ዝም በይ።

ምዘናውን በተመለከተ የሰኔው ከመድረሱ በፊት፣ ማለትም ነጥቡ ገና ሳይሞላ፣ በግንቦት መጀመሪያ ግቢ። ከተሞላና ወደ ዲስትሪክት ከተላከ በኋላ እኔም ብፈልግ የማስተካክልበት መንገድ ረጅም ነው። ባዶ የተተወውንም የአስተያየት ቦታ በሚቀጥለው ጊዜ ሁላችሁም ሙሉት፤ በትሕትና የተጻፉ ሁለት መስመሮች ይበቃሉ።

መልስ፤ በሰው ኃይል አስተዳደር ሥራ ላይ ከቆየው ሰው

የኢሜይሉን ነገር ከላይ የመለሱት ሥራ አስኪያጅ እንዳሉት ይሁን፤ የምዘና ቅጹ ላይ የተመደበ ቦታ ካለ ከእሱ የተሻለ ጽሑፍ የለም፤ ማንንም አያስጠረጥርምና። አንድ ብቻ ልጨምር። በግንቦት ስትገቢ ከሥርሽ ያሉትን ገንዘብ ከፋዮች የምትመዝኚው አንቺ ከሆንሽ፣ የእነሱን ምዘና አስቀድመሽ ከእያንዳንዳቸው ጋር ተወያይተሽበት ግቢ። ሥራ አስኪያጅሽ ከአንቺ ጋር እንዲያደርጉ የምትጠይቂውን አንቺ ከእነሱ ጋር አድርገሽው ሲያዩ ጥያቄሽን ለማብራራት ብዙ ቃል አያስፈልግሽም።